ከፈላና በር እስከ ጎበሌ ሸለቆ፦ የአደን ሕግ በሐረር ምድር

የሐረር ጀጎል ጥንታውያን በሮች አምስት ናቸው፤ እያንዳንዳቸውም ከአንድ በላይ ስም አላቸው። በስተሰሜን ያለውን በር የከተማው ተወላጅ በቋንቋው አሱም በሪ ሲለው፣ አማርኛ ተናጋሪው ደግሞ ፈላና በር ይለዋል። ግንቡን በ16ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ያሠሩት አሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ እንደሆኑ ይታወቃል። ዙሪያው ሦስት ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ነው። ግንቡን ለመጎብኘት የሚመጣ ሰው በሮቹን ቆጥሮ ይመለሳል እንጂ፣ ከግንቡ ግርጌ እዚህም እዚያም የተከፈቱትን ትናንሽ ቀዳዳዎች እምብዛም አያስተውልም። የሐረር ሰው ወራባ ኑዱል ይላቸዋል፤ የጅብ መሹለኪያ ማለት ነው። ሌሊት ጅቡ በእነዚህ ቀዳዳዎች ገብቶ የከተማውን ጉድፍና አጥንት ለቅሞ ጎሕ ሳይቀድ ይወጣል። ከፈላና በር ውጭ ባለው ሜዳ ደግሞ ማታ ማታ ጅብ ተጠርቶ ሥጋ ሲጎርስ ለማየት ከሩቅ አገር የሚመጣው እንግዳ ብዙ ነው።

የአደንን ሕግ ታሪክ ከዚህ ቀዳዳ መጀመር እንግዳ ነገር ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በሰውና በአውሬ መካከል ያለ ውል ሁሉ መጀመሪያ የተጻፈው በወረቀት ላይ አይደለም። ከጠላት ለመከላከል የተሠራ ግንብ ለአውሬ መግቢያ ሲተውለት፣ አውሬው መብት እንዳለው የሚመሰክር ደንብ ተደነገገ ማለት ነው። በሐረር ጅብን መግደል ነውር ነው። በዐሹራ ዕለት ገንፎ ተሠርቶ በቅቤ ርሶ ይቀርብለታል፤ ጂንን ከከተማው የሚያስወግድ እርሱ ነው የሚል እምነትም አለ። ይህን ሁሉ ማንም አዋጅ አላወጀውም፤ የሚጥሰው ግን እምብዛም አይገኝም። ከዚህ በታች የሚወሱት የተጻፉ ሕጎች ብዙዎቹ ይህን ያህል ዕድል አልገጠማቸውም።

ከጀጎል ውጭ ያለው አገር በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ የአውሬ ሀብቱ እጅግ የበዛ ነበር። በደቡብና በምሥራቅ የኤረር፣ የጎበሌ፣ የዳካታና የፋፈን ሸለቆዎች ወደ ዋቢ ሸበሌ ሲወርዱ ዝሆኑ፣ አንበሳው፣ ከሩማው አጋዘን በየጥሻው ይገኝ ነበር። ከዚያ ወዲያ በጅጅጋ ሜዳ ቆርኬው በመንጋ ይግጣል። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን በጥር 1855 እ.ኤ.አ. ወደ ሐረር በገባ ጊዜ ከከተማይቱ ወደ ባሕር ከሚወርደው ሸቀጥ መካከል ከቡናና ከትምባሆ ጋር የዝሆን ጥርስን ቆጥሯል። አዳኙም ነጋዴውም ሹሙም የየራሱ ደንብ ነበረው። የሱማሌ አዳኝ ጎሳዎች ከዋባይ ዛፍ በሚወጣ መርዝ የተቀባ ፍላጻ ይዘው በእግር ይከታተሉ ነበር፤ ይህ ዛፍ በአማርኛ መረንዝ የሚባለው ነው። በደጋው አገር ደግሞ ዝሆን የገደለ ሰው በፉከራና በሽለላ ወደ ቀየው ይገባል፤ የወርቅ ጉትቻ ይሰካል፤ ስሙ ከዚያን ዕለት ወዲህ ይለወጣል። በብዙ አውራጃ ከሁለቱ ጥርሶች አንዱ ለገዥው ነው። ይህ ልማድ ግብር ነው እንጂ ጥበቃ አልነበረም፤ ገዥው የሚያስበው ስለሚደርሰው ጥርስ እንጂ ስለሚቀረው ዝሆን አይደለም።

የሃይማኖት ሥርዓትም በአደን ላይ የነበረው ሥልጣን ከቶ የሚናቅ አይደለም። ክርስቲያኑም እስላሙም የዝሆን ሥጋ አይበሉም፤ ከርከሮንም እንደዚሁ። እስላሙ አዳኝ ቢስሚላሂ ሳይልና በቢላዋ ሳይባርክ የወደቀውን ሚዳቋ አይቀምሰውም። ስለዚህ በዚህ አገር አንድ ዝሆን ሲወድቅ ሥጋው በብዙ ቦታ ለጥንብ አንሳና ለጅብ ይቀር ነበር፤ የሚፈለገው ጥርሱና ክብሩ ብቻ ነው። ከሥጋው የሚጠቀም ሕዝብ ቢሆን ኖሮ መንጋው እንዳይጠፋ አስቀድሞ ባሰበ ነበር ለማለት ይቻል ይሆን? ይህ ለክርክር የሚቀርብ ጥያቄ ነው።

በ1875 እ.ኤ.አ. ግብፆች ሐረርን ያዙ። የአውሮፓ ነጋዴዎችም በእነርሱ ጥላ ሥር ገቡ። ከእነዚህ አንዱ በታኅሣሥ 1880 እ.ኤ.አ. የባርዴ የንግድ ቤት ሠራተኛ ሆኖ የመጣው ወጣቱ ፈረንሳዊ ባለቅኔ አርተር ራምቦ ነበር። በዚያን ጊዜ ቅኔውን ትቶ ቡናና ቆዳ ይመዝናል። በጥር 1882 እ.ኤ.አ. ከኤደን ሆኖ በፓሪስ ለሚገኝ አንድ የታወቀ የጠመንጃ ሠሪ የጻፈው ደብዳቤ ለዚህ ጽሑፍ ጉዳይ እጅግ ጠቃሚ ነው። ራምቦ የዝሆን አዳኞች ቡድን ለማቋቋም አስቦ ነበርና ለዝሆን የሚሆን ልዩ መሣሪያ ስለመኖሩ፣ ስለ ዋጋው፣ የት እንደሚገኝ፣ ጥይቱም መርዘኛ ይሁን ወይስ ፈንጂ ይጠይቃል። መቼም ለጉዞ የሚዘጋጅ ሰው ሊጠይቅ የሚገባውን ሁሉ የጠየቀ ይመስላል። አንድ ጥያቄ ግን በደብዳቤው ውስጥ የለም፤ ይኸውም ዝሆኑን ለመግደል ፈቃድ የሚሰጠው ማን ነው የሚለው ነው። በጊዜው የተጻፈ ደንብ ስላልነበረ ባለቅኔውን በዚህ ብቻ መውቀስ አይገባም። ይሁንና ዘመኑ ምን ዓይነት ዘመን እንደነበረ ከብዙ መጽሐፍ ይልቅ ይህች አጭር ደብዳቤ ትናገራለች። ቡድኑ ሳይቋቋም ቀረ።

በጥር 1879 ዓ.ም. ከጨለንቆ ጦርነት በኋላ ሐረር በምኒልክ እጅ ገባች፤ ራስ መኰንን እስከ ዕለተ ሞታቸው ማለትም እስከ 1898 ዓ.ም. ገዟት። በእነዚህ ሃያ ዓመታት በአራዊቱ ላይ ሁለት መዓት ወረደ። አንደኛው ጠመንጃ ነው። በዘይላና በጅቡቲ በኩል የገባው ውጅግራና ረሚንግተን ከጦር ሜዳ ውጭም ሥራ አልፈታም፤ በጦርና በፍላጻ ብዙ ቀን የሚፈጀውን አደን በአንድ ጧት የሚያልቅ ነገር አደረገው። ሁለተኛው በ1880ዎቹ መጀመሪያ በክፉ ቀን የመጣው የከብት እልቂት በሽታ ነው። ይህ በሽታ በሬውን ብቻ አልጨረሰም፤ ቆርኬንና ሌሎችንም ባለ ሸኾና አራዊት አብሮ አጠፋ።

የቆርኬው ነገር ለብቻው ሊነገር ይገባዋል። እንግሊዛዊው መኮንን ስዌይን በሱማሌ አገር ያደረጋቸውን አሥራ ሰባት ጉዞዎች የሚተርክ መጽሐፍ በ1895 እ.ኤ.አ. አሳትሟል። ጅጅጋ ባለችበት በማራር ሜዳ ቆርኬው በብዛት ሲሰማራ እንዳየ ይናገራል። የእንስሳት ሊቃውንትም በ1892 እ.ኤ.አ. ይህን ዝርያ በእርሱ ስም ሰየሙት። ዛሬ በማራር ሜዳ አንድም ቆርኬ የለም። የዝርያው ትራፊ የሚገኘው ከዚያ እጅግ ርቆ በደቡብ ኢትዮጵያ፣ በሰንቀሌ መጠለያና በማዜ ብሔራዊ ፓርክ ነው። ስሙን ያገኘበት አገር ያጣው እንስሳ ማለት ይህ ነው።

ስዌይንና መሰሎቹ ለአደን ሲወጡ ፈቃድ የሚጠይቁት ከኤደን የእንግሊዝ ሹም ነበር። በ1889 ዓ.ም. ግን ነገሩ ተለወጠ። የእንግሊዝ መልእክተኛ ሬነል ሮድ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ ከአፄ ምኒልክ ጋር ውል ተዋዋለ፤ ስለ ወሰኑም ጉዳይ ከራስ መኰንን ጋር ሐረር ላይ በሰኔ 1897 እ.ኤ.አ. ደብዳቤ ተለዋወጠ። በዚህ ስምምነት የማራር ሜዳና ከእርሱ በስተደቡብ ያለው ሰፊ የአደን አገር በኢትዮጵያ በኩል ቀረ። ስለ ሉዓላዊነት የተጻፈ ውል ነው እንጂ ስለ አደን የተጻፈ አይደለም፤ ሆኖም ለአዳኙ ውጤቱ ፈጣን ነበር። ከበርበራ ተነሥቶ ወደ ኦጋዴን መውረድ የሚፈልግ ባዕድ ከእንግዲህ ወዲያ ፊቱን ወደ ሐረር ገዥ ማዞር ነበረበት።

ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በግንቦት 1900 እ.ኤ.አ. ቅኝ ገዥዎቹ መንግሥታት ለንደን ላይ ተሰብስበው የአፍሪካን የዱር አራዊት፣ አዕዋፍና ዓሣ ለመጠበቅ የሚል ስምምነት ተፈራረሙ። እንግሊዝ፣ ፈረንሳይ፣ ጀርመን፣ ኢጣልያ፣ ፖርቱጋል፣ እስፓኝና የኮንጎ ነፃ መንግሥት የሚባለው ነበሩ። ኢትዮጵያ በካርታው ክልል ውስጥ ብትሆንም ከፈራሚዎቹ መካከል አልነበረችም። የስምምነቱ አንቀጾች ሲመረመሩ ዛሬም በብዙ አገር ሕግ ውስጥ የሚታዩ ናቸው፤ የአደን ፈቃድ፣ የዕረፍት ወራት፣ የግልገል ዝሆን ክልከላ፣ ከ5 ኪሎ ግራም በታች የሆነ ጥርስ መወረስ፣ ዓሣን በፈንጂና በመርዝ የማጥመድ ክልከላ። ነገር ግን የሚያስገርመው ሚዛኑ ነው። ጉድጓድ፣ መረብና ወጥመድ፣ ማለትም የአገሬው ሰው መሣሪያዎች ሲገደቡ፣ አራዊቱን በእውነት የፈጀው ባለ ሁለት አፈ ሙዝ ጠመንጃ ፈቃድ ይዞ እስከመጣ ድረስ ጨዋ አዳኝ ተባለ። ስምምነቱ በሁሉም ስላልጸደቀ በሥራ ላይ አልዋለም፤ መንፈሱ ግን በየቅኝ ግዛቱ ደንብ ውስጥ ገብቶ ቀረ።

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የአደን ደንብ የሚባለው በአፄ ምኒልክ መንግሥት በ1901 ዓ.ም. የወጣው ነው። በተለይ የዝሆንን አደን ለመወሰን የታሰበ ነበር። ጊዜውን ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ የባቡር ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ ድሬዳዋ ከደረሰ ስድስት ዓመት ያህል ሆኖት ነበር፤ በግመል ወራት የሚፈጀው ጥርስ በቀናት ወደብ ይደርስ ጀመር። መንግሥትም የዝሆኑ መንጋ እየሳሳ መሄዱ ገቢውን እንደሚነካው ሳይገነዘብ አልቀረም። የደንቡ ጉድለት በቃሉ ሳይሆን በአፈጻጸሙ ነው። ከቤተ መንግሥት የወጣው ቃል ጎበሌ ሸለቆ እስኪደርስ ድረስ በመንገድ ላይ ያለው ሹም ሁሉ የየድርሻውን ያነሣል፤ አዳኙ ዘንድ ሲደርስ ግብር እንጂ ክልከላ ሆኖ አይሰማም።

ከኢጣልያ ወረራ በኋላ ነገሩ በጋዜጣ መታተም ጀመረ። በ1944 እ.ኤ.አ. በነጋሪት ጋዜጣ የወጣው የአውሬ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 61 ጉዳዩን ለእርሻ ሚኒስቴር ሰጠ። ሃያ ዓመት ያህል ግን ይህን ሥራ ብቻ የሚሠራ መሥሪያ ቤት አልነበረም። በ1963 እ.ኤ.አ. ጁልያን ሐክስሊ ያሉበት የዩኔስኮ ልዑካን ቡድን መጥቶ ሁኔታውን መርምሮ አሳሰበ፤ ከዚያ በኋላ የአዋሽና የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርኮች በ1969 እ.ኤ.አ. በሕግ ታወቁ፤ በ1970 እ.ኤ.አ. የዱር አራዊት ጥበቃ ድርጅት በትእዛዝ ቁጥር 65 ተቋቋመ። በ1972 እ.ኤ.አ. የወጣው የሕግ ክፍል ማስታወቂያ ቁጥር 416 ደግሞ አገሩን በብሔራዊ ፓርክ፣ በአውሬ ክልል፣ በመጠለያና ቁጥጥር በሚደረግበት የአደን ቀበሌ ከፋፈለው። ለአደን የሚጓዝ ሰው ከመነሣቱ በፊት ሊያውቀው የሚገባው ነገር በዚህ ደንብ መልክ ያዘ፤ ምን እንደሚያድን ብቻ ሳይሆን የት እንደሚያድን፣ በማን ፈቃድና ከማን ጋር እንደሚያድን።

እነዚህ ሕጎች የተጻፉት ለማን ነው? ጥያቄው ቀላል ይመስላል። በፈቃድ ወረቀት፣ በክፍያ ተመን፣ በቀንድ ርዝመትና በጥርስ ክብደት የሚናገር ሕግ የሚገባው ከሩቅ ለሚመጣው፣ ገንዘብና ጊዜ ላለው አዳኝ ነው። ከአራዊቱ ጋር ሌት ተቀን የሚኖረው ገበሬና አርብቶ አደር ነጋሪት ጋዜጣ አያነብም፤ ሕጉን የሚያውቀው በአብዛኛው ዘበኛ ሲይዘው ነው። በአዋሽ የፓርኩ ወሰን ሲከለል ከረዩና አፋር የግጦሽ መሬታቸውንና የውሃ መንገዳቸውን አጥተዋል። በዚያን ዘመን ከአዲስ አበባ የመጣ ባለፈቃድ በአደን ቀበሌ ገብቶ ዋንጫ የሚያህል ቀንድ ይዞ ሲመለስ፣ በማሽላው ላይ የተሰማራውን ከርከሮ የወጋ ገበሬ ግን መርማሪ ፊት ሊቆም ይችል ነበር። ይህ አለመመጣጠን ያልታረመበት ሕግ፣ አንቀጹ የቱንም ያህል ቢያምር፣ በሕዝብ ልብ ውስጥ ሥር አይሰድም።

ከእነዚህ ሁሉ ቦታዎች የሐረርን ልጅ በቅርብ የሚመለከተው የባቢሌ የዝሆን መጠለያ ነው። የተቋቋመው በ1970 እ.ኤ.አ. ሲሆን ስፋቱ ወደ 7000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ነው። ከጀጎል በስተደቡብና በደቡብ ምሥራቅ ጎበሌን፣ ኤረርን፣ ዳካታንና ፋፈንን ያቅፋል። የሚጠብቀውም ሪቻርድ ሊዴከር በ1907 እ.ኤ.አ. ኦርሌያንሲ ብሎ የሰየመውን የዝሆን ዘር ነው። ባቢሌ ከሌሎች የዝሆን አገሮች የሚለየው ይህ መንጋ ብቻውን ተቆርጦ የቀረ መሆኑ ነው፤ በአፍሪካ ቀንድ ምሥራቃዊ ጫፍ ከእርሱ ወዲያ ዝሆን የለም። በድርቅ ወራት ወደ ሸለቆው ወርዶ በለስ ቁልቋል እየቀጠፈ፣ በክረምት ወደ ሌላው ሸለቆ እየተሻገረ ይኖራል። በ2000ዎቹ እ.ኤ.አ. የተደረጉ ቆጠራዎች ቁጥሩን ከሦስት መቶ በታች አድርገውታል።

መጠለያው ለአሥርት ዓመታት ስም እንጂ ወሰኑ በነጋሪት ጋዜጣ ያልጸደቀ ሆኖ ቆየ። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከ ሐረር ደጃፍ ድረስ ሲደርስ በእነዚሁ ሸለቆዎች የተተኮሰው መድፍ ለአውሬው የሚራራ አልነበረም፤ ጦርነቱ ካበቃም በኋላ በየቤቱ የቀረው መሣሪያ ብዙ ነው። በ1980 እ.ኤ.አ. የወጣው አዋጅ ቁጥር 192 ደንንና የዱር አራዊትን በአንድ ባለሥልጣን ሥር አድርጎ ጥበቃውን ለማጠናከር አስቧል። ዛፉ ከሌለ አውሬው እንደማይኖር መገንዘቡ የሚያስመሰግነው ነው። ይሁን እንጂ በጎበሌና በኤረር ዳር ዳር የሠፈረው ሕዝብ እየበዛ፣ ጫትና ማሽላ ወደ ወንዙ እየወረደ ሄደ። ዝሆኑ የዱሮ መንገዱን ሲከተል አሁን የሚያገኘው የሰው ማሳ ነው፤ ማሳው የተረገጠበት ሰውም ሕጉ ለእርሱ ምን እንዳስቀመጠለት ቢጠይቅ መልሱን በቶሎ የሚነግረው አይገኝም።

የዝሆን ጥርስ ንግድም በዓለም ደረጃ የተዘጋው በቅርቡ ነው። ኢትዮጵያ በ1989 እ.ኤ.አ. በመጥፋት ላይ ያሉ ዝርያዎችን ንግድ የሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት አባል ሆነች፤ በዚያው ዓመት በሎዛን በተደረገው ጉባኤ የአፍሪካ ዝሆን ንግዱ ፈጽሞ ከተከለከለባቸው ዝርያዎች መዝገብ ገባ። በመጋቢት 2007 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በአዲስ አበባ ከስድስት ቶን በላይ የተያዘ የዝሆን ጥርስ በአደባባይ አቃጠለ። ለዘመናት የንጉሥ ግምጃ ቤት ጌጥ የነበረው ነገር አመድ ሲሆን የተመለከተ ሽማግሌ ቢኖር ምን እንዳሰበ መገመት ያዳግታል።

ስለ ዓሣ የሚባለው አጭር ነው፤ ምክንያቱም ሐረር የዓሣ አገር አይደለችም። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 የወጣው በ1995 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት ውሃው የሁሉም፣ ሕጉም የማንም አልነበረም። በብዙ የኢትዮጵያ ወንዞች ዳር የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ውሃው ላይ በመበተን ዓሣን ማስከር የቆየ ዘዴ ሲሆን፣ በለንደኑ ስምምነት የተከለከለው የመርዝ አጠማመድ የዚህ ወንድም ነው። ለሐረር ሰው የሚቀርበው የሐረማያ ሐይቅ ግን ከመርዝ የከፋ ነገር ገጠመው። አዋጁ በወጣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሐይቁ ራሱ ደረቀ፤ ለመስኖና ለከተማ የተሳበው ውሃ፣ ከተራራው የታጠበው ደለል ተባብረው ጨረሱት። ከዓመታት በኋላ ውሃው በከፊል ተመልሷል። ዓሣውን የሚጠብቅ አንቀጽ ነበር፤ ውሃውን የሚጠብቅ እጅ ግን አልነበረም።

በ1999 ዓ.ም. የወጣው የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541ና እርሱን ተከትሎ በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 163 የቀደሙትን ሕጎች ፍሬ ሰብስበዋል። በእነዚህ ሕጎች መሠረት ለአደን የሚጓዝ ሰው ፈቃድ ሊኖረው፣ በተከለለ የአደን ቀበሌ ብቻ ሊያድን፣ ፈቃድ ያለው ባለሙያ አዳኝ አብሮት ሊሄድና በፈቃዱ ላይ የተጻፈውን እንስሳ ብቻ ሊመታ ይገባል። ከሐረር በስተምዕራብ ባሉት ተራሮች እንደ ድንድን ባሉ ቀበሌዎች የደጋ አጋዘንን ለማደን የውጭ አገር ሰዎች ከፍተኛ ክፍያ ሲከፍሉ ቆይተዋል። ከክፍያው የሚገኘው ገንዘብ ለአካባቢው ሕዝብ ይደርሳል ወይ የሚለው ክርክር ከሕጉ ጋር አብሮ ተወልዶ አብሮ አድጓል። አዋጁ ሌላም ጥበብ ያለው አንቀጽ አለው፤ ከአንድ ክልል በላይ የሚያካልል የተጠበቀ ቦታ በፌዴራል መንግሥት እንዲተዳደር ይደነግጋል። ባቢሌ የኦሮሚያና የሱማሌ ክልሎች የሚገናኙበት በመሆኑ በዚህ ሥር ይወድቃል። ዝሆኑ ወሰን አያውቅምና፤ ማለዳ በአንዱ ክልል ጥሻ ያደረ መንጋ ሲመሽ በሌላው ወንዝ ሊጠጣ ይችላል።

የሚጠብቁት ዘበኞች ጥቂት ናቸው፤ መሬቱ ሰፊ ነው። ከጀጎል ባቢሌ ከተማ ድረስ ያለው መንገድ ግን በመኪና ብዙ ጊዜ የሚወስድ አይደለም። በከተማይቱ ገበያ ከጎበሌ የሚመጣው ለውዝና ማሽላ ይሸጣል፤ ነጋዴዎቹም መንጋው በየትኛው ሸለቆ እንዳደረ ከማንኛውም መሥሪያ ቤት አስቀድመው ያውቃሉ። ማታ ደግሞ ከፈላና በር ውጭ ባለው ሜዳ ጅቦቹ ይጠራሉ፤ ከዚያም በግንቡ ግርጌ ባሉት ቀዳዳዎች አንድ በአንድ ይገባሉ።